ኬፕ ፍላተሪ፦ መንገዱ የሚያልቅበት የባሕር ጫፍ ድረስ ከሲያትል እንዴት ይኬዳል?

ኬፕ ፍላተሪ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እዚያ የቆየሁት ሃያ ደቂቃ ነው። አምስት ሰዓት ያህል ነድቼ ደረስኩ። ያየሁት ጭጋግ ብቻ ነበር። ባሕሩ ከታች ሲያጓራ ይሰማል፤ አይታይም። መሽቶብኛል፣ ነገ ሥራ አለ፣ "ዕድሌ ነው" ብዬ ተመለስኩ። ጫካው ውስጥ ግማሽ መንገድ እንደሄድኩ ከኋላዬ የሰዎች የደስታ ጩኸት ሰማሁ። ጭጋጉ ተገልጦ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጣችውን እናቴን ይዤ ነው። ያኔ አንድ ሌሊት አደርን። እዚህ የምጽፈው በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የተማርኩትን ነው። ሲያትልና አካባቢው ብዙ ነን፤ እንግዳ ሲመጣብን ግን ስፔስ ኒድልና ፓይክ ፕሌስ ገበያ ወስደን እንጨርሳለን። ከዚያ ያለፈ ነገር ማሳየት ለምትፈልጉ ይሁን።

ቦታው አላስካና ሃዋይን ሳይጨምር የአሜሪካ ምድር በሰሜን ምዕራብ የሚያልቅበት ጫፍ ነው። በስተ ሰሜን ሁዋን ደ ፉካ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ከማዶው የካናዳው ቫንኩቨር ደሴት ይታያል። በስተ ምዕራብ ፓሲፊክ ብቻ ነው። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ ነው። መጋቢት 1778 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚህ ሲያልፍ ወደብ የሚገኝ መሰለው፤ አልተገኘም። ስለዚህ ተስፋ ሰጥቶ የሸነገለ ቦታ ነው ብሎ "ፍላተሪ" አለው። ሽንገላ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ሌሊቱን አየሩ ተበላሽቶበት ከባሕር ዳር ራቀና ያን ሁሉ ስፋት ያለውን ወሽመጥ ሳያየው አለፈ። ጭራሽ "የለም" ብሎ ጻፈ። እኔ በሃያ ደቂቃ ከሠራሁት ስሕተት ጋር ስለሚመሳሰል ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

1. ወቅቱን ምረጡ

ኒያ ቤይ፣ ማለትም ጫፉ አጠገብ ያለችው መንደር፣ በዓመት 2,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የአዲስ አበባን እጥፍ እንደ ማለት ነው። ይህ ዝናብ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይወርዳል።

ሐምሌና መስከረም ለጀማሪ ይመቻሉ። ነሐሴም ደረቅ ነው፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ያበዛል፤ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል። ፓፊን የሚባሉትን ባለቀለም ምንቃር የባሕር ወፎች ማየት ከፈለጋችሁ በፀደይ መጨረሻና በበጋ ሂዱ። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ሰሜን የሚሰደዱት ከማርች እስከ ሜይ ነው።

(ወራቱን የምጠራው በአሜሪካው ወቅት ነው። "በጋ" ስል ጁላይን ነው እንጂ ጥርን አይደለም።)

በክረምት መሄድ ይቻላል። ማዕበሉም ያኔ ነው የሚያምረው። ግን በዲሴምበር ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት (በአሜሪካ አቆጣጠር) ጀምበር ትጠልቃለች፤ መንገዱም አንዳንዴ በመሬት መንሸራተት ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

2. ቦታው ባለቤት እንዳለው አውቃችሁ ተነሱ

ይህን ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ኬፕ ፍላተሪ የመንግሥት ፓርክ አይደለም። የማካ ሕዝብ መሬት ነው። "ማካ" የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ምግብ የማይሰስቱ፣ ለጋሶች እንደ ማለት ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ግን በዓለቱና በባሕር ወፎቹ ዘንድ የሚኖሩ ሰዎች የሚል ትርጉም አለው። ጫፉ ላይ ስትቆሙ ስሙ ይገባችኋል፤ ዓለትና ወፍ ብቻ ነው።

በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ሲፈራረሙ አብዛኛውን መሬታቸውን አጡ። ዓሣ ነባሪ የማደን መብታቸውን ግን በጽሑፍ አስቀመጡ። መሬት እየሰጠ ባሕሩን አልሰጥም ያለ ሕዝብ ነው።

እኛ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ሰው ቤት ሲገባ ጫማን መጥረግ፣ ሽማግሌን ተነስቶ ሰላም ማለት፣ ያልተሰጠንን አለመንካት። እዚያም እንዲሁ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሕዝባቸውን፣ በተለይ አረጋውያኑን ለመጠበቅ መንደሩን ለጎብኚ ዘግተው እስከ 2022 አልከፈቱም። ነገም በራሳቸው ጉዳይ ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የጎሳውን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ከዚህ የሚከተሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሰውን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። በመንደሩ ውስጥ በዝግታ ንዱ፤ ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ። መጠጥ ይዛችሁ አትግቡ። ድሮን እቤት ይቅር፤ ዓለቱ ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ይደነግጣሉ። ድንጋይም ዛጎልም ለማስታወሻ አታንሱ። ዘፈን ከፍታችሁ አትግቡ።

በኦገስት መጨረሻ "ማካ ዴይስ" የሚባል በዓላቸው አለ። የታንኳ ውድድር፣ ጭፈራ፣ በእሳት የተጠበሰ ሳልመን ዓሣ። ሰው ይበዛል፤ ማደሪያ አይገኝም። በዓሉን ለማየት ከሆነ በጣም ደስ ይላል፤ ጸጥታ ለመፈለግ ከሆነ ግን ሌላ ሳምንት ምረጡ።

3. ማደሪያ ያዙ

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። አድርጌዋለሁ። አሥር ሰዓት መንዳት ለሃያ ደቂቃ ጭጋግ ነው።

ኒያ ቤይ ውስጥ ጥቂት ሞቴሎች አሉ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ሆባክ የሚባል ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ላይ ጎሳው ራሱ የሚያስተዳድራቸው ትንንሽ ቤቶችና የድንኳን ቦታ አለ። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቤቱ ያዋጣል፤ ወጥ ማሞቅ ይቻላልና። ለበጋ ቅዳሜና እሁድ ከወራት በፊት ነው የሚያዘው። እዚያ ካጣችሁ ከመንደሩ በፊት ክላላም ቤይና ሲኪዩ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉ።

4. የሚያዝ ነገር

የዝናብ ጃኬት ፀሐይ ቢሆንም ያዙ። ጃንጥላ ዋጋ የለውም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ጫማ የማያንሸራትት ይሁን፤ ነጭ ስኒከር ያደረገ ሰው ጭቃው ውስጥ ሲያዝን አይቻለሁ። ትርፍ ካልሲ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ቢያንስ አንድ ለቤተሰቡ። ለትልልቅ ሰዎች ከዘራ ወይም የእግር ጉዞ ምርኩዝ።

ምግብ ከቤት ይሁን። መንደሩ ውስጥ ሱቅና ጥቂት መብያ ቤት አለ፤ ሰዓታቸው ግን አይታወቅም። ጾም ከሆነ ደግሞ አማራጩ ይጠባል። እኛ ሽሮና ጎመን ለብቻ፣ እንጀራውን በፎጣ ጠቅልለን ወሰድን። ዳቦ ቆሎ ለመንገድ። ሻይ በቅርንፉድና በቀረፋ አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ነፋሱ ፊታችሁን ሲመታው ያ ሻይ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። በጭስ የደረቀ ሳልመን መንደሩ ውስጥ ይሸጣል፤ ጾም ካልሆነ ግዙ።

ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

5. መንገዱ

ሦስት አማራጭ አለ። ከሲያትል መሃል ወደ ባንብሪጅ በፌሪ፣ 35 ደቂቃ። ከሰሜን በኩል ከሆናችሁ ከኤድመንድስ ወደ ኪንግስተን፣ 30 ደቂቃ። ከደቡብ፣ ከሬንተንና ከኬንት አካባቢ ለሚነሳ ደግሞ በታኮማ ናሮውስ ድልድይ ዞሮ መሄድ ይሻላል፤ ድልድዩ የሚያስከፍለው ስትመለሱ ብቻ ነው። እንግዳ ካላችሁ ግን በፌሪ ሂዱ። እናቴ መኪና መርከብ ውስጥ ሲገባ አይታ አታውቅም ነበር። መንገዱ ሁሉ ለእሷ ከዚያ ጀመረ።

በበጋ ቅዳሜ ፌሪው ወረፋ አለው። ከጠዋቱ ሰባት ሰዓት በፊት ድረሱ (በአሜሪካ አቆጣጠር)።

ከፌሪው በኋላ በሁድ ካናል ድልድይ ታልፋላችሁ። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድልድይ ነው። መርከብ ሲመጣ ይከፈትና መኪናው ሁሉ ይቆማል፤ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በ101 ቁጥር መንገድ በስኩዊም አድርጋችሁ ፖርት አንጀለስ ትደርሳላችሁ።

ፖርት አንጀለስ ላይ ቤንዚን ሙሉ። ሽንት ቤት ሂዱ። የጎደለ ነገር ካለ ግዙ። ከዚህ በኋላ ትልቅ ከተማ የለም።

ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ቀኝ 112 ቁጥር መንገድ ያዙ። እስከ ኒያ ቤይ 70 ማይል ገደማ ነው። ርቀቱን አይታችሁ "አንድ ሰዓት ነው" አትበሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ እንጨት የጫኑ ትልልቅ መኪናዎች ይመጡባችኋል። ሁለት ሰዓት ያዙ። መኪና የሚያስመልሰው ሰው ካለ ከፊት ይቀመጥ፤ ዝንጅብል ይስጡት። ከኋላችሁ የሚቸኩል መኪና ከመጣ ወጣ ብላችሁ አሳልፉት።

112 ሲዘጋ በ101 ቀጥላችሁ፣ ሌክ ክረሰንትን አልፋችሁ፣ ሳፎ የሚባለው መገንጠያ ላይ 113ን መያዝ ይቻላል። 113 መልሶ 112 ላይ ያወጣችኋል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠዋት በክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ገጽ አረጋግጡ።

ሌላ አንድ ነገር። ባሕሩ ዳር ስትደርሱ ስልካችሁ ከማዶ የካናዳን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። ፕላናችሁ ካናዳን የማያካትት ከሆነ ሮሚንግ አጥፉ።

6. መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ጫፉ

ማንኛውም መኪና የማካ የመዝናኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሙዚየሙ ውስጥና መንደሩ ሱቆች ይሸጣል። 20 ዶላር ገደማ ነው፤ በሰው ሳይሆን በመኪና። መስታወቱ ላይ እንዲታይ አድርጉት።

ፈቃዱን ከሙዚየሙ ግዙና እዚያው ግቡ። "እኛ የመጣነው ባሕር ለማየት ነው" የሚል ሰው ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ሳልገባ ነው ያለፍኩት። አሁን ግን ሙዚየሙን ሳያይ ጫፉን ያየ ሰው ግማሹን እንዳየ ነው የምቆጥረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጫፉ በስተ ደቡብ ኦዜት የሚባል የማካ መንደር ነበር። ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጭቃ ከተራራው ወርዶ ቤቶቹን ከነዕቃቸው ቀበራቸው። ጭቃው አየር ስላላስገባ እንጨቱም ቅርጫቱም ገመዱም አልበሰበሰም። በ1970 ማዕበል ባሕር ዳሩን ሲሸረሽረው ዕቃው መውጣት ጀመረ። የማካ ሰዎችና የዋሺንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች አብረው አሥራ አንድ ዓመት ቆፈሩ። ከ55,000 በላይ ዕቃ ወጣ። ዕቃው ወደ ትልቅ ከተማ አልተወሰደም። በ1979 እዚያው ኒያ ቤይ ሙዚየም ተከፍቶ በባለቤቶቹ እጅ ቀረ።

ቅርሳችን በየአገሩ ሙዚየም ተበትኖ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ቆሜ የመቅደላን ዕቃዎች አሰብኩ።

ውስጥ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ታንኳዎች አሉ። እንዲህ ባሉ ታንኳዎች ነው ዓሣ ነባሪ ለማደን ውቅያኖስ ይወጡ የነበረው። እንደ ጥንቱ የተሠራ ረጅም የእንጨት ቤትም አለ፤ ገብታችሁ ቁጭ ማለት ትችላላችሁ። እናቴ የገባችበት ጊዜ የጭሱን ሽታ አሽትታ "የእኛ ቤት ነው እኮ" አለች። አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ።

7. የእግር መንገዱ

ከመንደሩ ወደ መነሻው 8 ማይል ያህል ነው። መኪና ማቆሚያና ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት አለ። ውኃ የለም። መኪና ውስጥ ዕቃ አስቀምጣችሁ አትሂዱ።

የእግር መንገዱ ሦስት አራተኛ ማይል ነው፤ ደርሶ መልስ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት። ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው። ለእናቴ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ምንም አልጎዳትም።

መጀመሪያ ጠጠር ነው። ከዚያ ጫካው ይውጣችኋል። ዛፎቹ ትልልቅ፣ ሽበት እንዳወጣ ሰው ሳር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎባቸዋል። ጭቃው ላይ ከሲዳር እንጨት የተሠራ ርብራብ ተዘርግቷል። ርብራቡ ሲርስ ሳሙና ነው። በጎን ሳይሆን ቀጥ ብላችሁ፣ በትንንሽ እርምጃ ተራመዱ። የዛፍ ሥር ላይ አትርገጡ፤ እላዩን ተሻገሩት። ጭቃን ለመሸሽ ከመንገዱ አትውጡ፤ ሥሮቹ ይጎዳሉ፣ እናንተም ጉድጓድ ታገኛላችሁ።

ሕፃን በጋሪ አይሆንም፤ በጀርባ ይታዘል። ዊልቸርም አይሄድበትም። ለዚህ ሆባክ ዳርቻ ይሻላል፤ መኪና እስከ አሸዋው ይደርሳል።

8. ጫፉ ላይ

መንገድ ላይ በግራና በቀኝ የእንጨት መመልከቻ ሰገነቶች አሉ። አትለፏቸው። እያንዳንዱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሆናችሁ ገደሉ ሥር ያሉትን ዋሻዎች ታያላችሁ። ባሕሩ ዓለቱን በልቶ ነው የሠራቸው። ሞገድ ሲገባባቸው መድፍ የተተኮሰ ይመስላል፤ እግር ሥር ይሰማል። ውኃው ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ነው።

ይህ ማለት የቆማችሁበት መሬት ሥር ባዶ ነው ማለት ነው። ከላይ ሳርና ቁጥቋጦ የሸፈነው ጠርዝ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ምንም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አጥር ዘልሎ ፎቶ መነሳት የለም። ልጅ ካላችሁ እጁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አትልቀቁ። ብዙዎቻችን ያደግነው ባሕር በሌለበት አገር ነው። ገደል እናውቃለን፤ ሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው ገደልን ይፈራል። ከታች የተቦረቦረ ገደል ግን ሌላ ነው።

የመጨረሻው ሰገነት ላይ ለመውጣት እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ደረጃ አለ። ጉልበት የሚያመው ሰው ከታች ካለው ሰገነት ቢያይ ብዙ አይቀርበትም። እናቴ "እወጣለሁ" ብላ ወጣች፤ እኔ ከኋላ ደገፍኳት።

ፊት ለፊት ያለችው ደሴት ታቱሽ ትባላለች። ላይዋ ላይ በ1857 መጨረሻ የተለኮሰ የመርከብ መምሪያ መብራት ማማ አለ። ጠባቂዎቹ እስከ 1977 ነበሩ፤ ዛሬ ሰው የለባትም። በመነጽር ዓለቶቹን ፈልጉ። የባሕር አንበሶች ተጋድመው ታያላችሁ፤ ካላያችሁም ጩኸታቸው ይመጣል። የባሕር ኦተር የሚባለው ፀጉራም እንስሳ በጀርባው ተንሳፍፎ ይበላል። ዓሣ ነባሪ መጀመሪያ የሚታየው እንደ እንፋሎት ነው፤ ከውኃው ላይ ቡን ብሎ የሚጠፋ ነጭ ነገር። አንዴ ካያችሁ ዓይናችሁን ከዚያ አትንቀሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደግማል።

እናቴ ዝም ብላ ቆየችና "ማዶው የት ነው?" አለችኝ። "እማዬ፣ በዚህ ቀጥታ ብትሄጂ የሚቀጥለው መሬት እስያ ነው" አልኳት። አማተበች። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ምንም አላወራንም።

ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ። ጭጋግ ከሆነ ሁለት። ሻያችሁን ጠጡ። ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ይሄዳል ይመጣል፤ ከነፋሱ ጋር ይለወጣል። ጨርሶ እንቢ ካለ ወደ ማደሪያችሁ ሂዱና ማግስቱን ተመለሱ። ሌሊት ማደር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

9. ማግስቱን

ሆባክ ላይ በአሸዋው ተራመዱ። ባሕሩ መቼ እንደሚጎድል የሚያሳይ ሰዓት ስልክ ላይ ይገኛል፤ ሲጎድል ዓለቱ ላይ ኮከብ ዓሣ ይታያል። ሮበርት ፔይን የሚባል የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት በ1960ዎቹ እዚህ ባሕር ዳር ኮከብ ዓሦችን ከአንድ ዓለት ላይ እያነሳ ወረወረ። የሚበላቸው ሲጠፋ ዓለት ላይ የሚጣበቁት ባለዛጎል ፍጥረታት ዓለቱን ወረሩትና ከሌላው ፍጥረት ብዙው ጠፋ። አንዷ ብትጎድል ቤቱ የሚፈርስባት ፍጥረት አለች የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እዩ፣ አትንኩ።

ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። ሳይታሰብ ትልቅ ሞገድ ይመጣል። የተጋደሙት ግንዶች ላይ ልጆች እንዳይወጡ፤ ትንሽ ውኃ ያንሳፍፋቸውና ይንከባለላሉ።

ሺ ሺ የሚባል ዝነኛ ዳርቻም አለ። ሲጠሩት "ሻይ ሻይ" ነው የሚሉት። ጭቃ የበዛበት ረጅም የእግር መንገድ ስላለው ለብቻው ቀን ይፈልጋል። ከኬፕ ፍላተሪ ጋር በአንድ ቀን አትደርቡት።

ወደ ሲያትል ከሰዓት በፊት ተነሱ። 112ን በጨለማ መንዳት ጥሩ አይደለም፤ አጋዘን ይወጣል። የፌሪው የምሽት ወረፋም እሁድ ረጅም ነው። የጭቃ ጫማ የሚገባበት ፌስታል የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጡ። የገዛችሁትን ፈቃድ ደግሞ አትጣሉት፤ እስከ ዲሴምበር 31 ያገለግላል። እኔ የዘንድሮውን በጃንዋሪ ነው የገዛሁት፤ በማርች ዓሣ ነባሪዎቹ ሲያልፉ ልመለስበት።